የመንጃ ፈቃዱ ጀርባ

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። አባቴ መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሁለት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ነው። እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ሠራተኛዋ ተቀበለችው፣ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ መታች፣ ጠበቀች። እንደገና መታች። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ ወደ እኛ ዞር አደረገችልን። በቀይ «መረጃ አልተገኘም» ይላል።

«አባባ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም» አለችው።

በትህትና ነው የተናገረችው። አባቴ መልስ አልሰጠም። ወረቀቱን አንስቶ ገለበጠውና ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ ገፋላት። እሷ ግን ጀርባውን አላየችም። «እኔ የሚያስፈልገኝ ቁጥሩ ነው» ብላ መለሰችለትና ቀጣዩን ተረኛ ጠራች።

አባቴ 34 ዓመት ነድቷል። መጀመሪያ ትንሽ መኪና፣ በኋላ ከባድ የጭነት መኪና። እኔንና እህቶቼን ያሳደገን መሪ ይዞ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን በሕግ ፊት ሹፌር አልነበረም። አንድም ጥፋት አላጠፋም፣ ማንንም አልገጨም። የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኦንላይን ሲዛወር እሱ መንገድ ላይ ቀረ።

ነገሩ እኔን ለብቻው የነካኝ ምክንያት አለው። ከዚያ ቀን ስድስት ዓመት በፊት፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኮንትራት ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራችን የመንጃ ፈቃድ ፋይሎችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ተቀምጬ አውቃለሁ። ስለዚህ ያቺን ቀይ ጽሑፍ ሳይ ከኋላዋ ያለው ክፍል ታየኝ። መደርደሪያው፣ አቧራው፣ ሰዓቱን እያየ የሚጽፈው ልጅ።

አንድ ፋይል ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቡናማ የካርቶን ማህደር ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፤ የእርጥበትና የአሮጌ ሙጫ ሽታ። ከላይ ማመልከቻው አለ፣ ከሥሩ የሕክምና ምርመራው፣ ከዚያ የፈተና ውጤቱ። ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ በስቴፕለር ተመቷል። ሽቦው ዝጎ የሰውየው ግንባር ላይ ቡናማ ነጥብ ጥሏል። ክብ ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ፎቶው እንዳይቀየር ታስቦ ነው እንዲያ የሚደረገው። ችግሩ ማህተሙ አንዳንዴ የልደት ቀኑ ላይ ጭምር ያርፋል። በሐምራዊው ቀለም ሥር ያለው ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስተህ በብርሃን ታየዋለህ። አሁንም አይለይም።

በቀን 120 ፋይል እንድናስገባ ይጠበቅብን ነበር። በስምንት ሰዓት ሥራ ሲካፈል ለአንድ ፋይል አራት ደቂቃ ይደርሰዋል። የአንድ ሰው የ30 ዓመት የመንገድ ታሪክ በአራት ደቂቃ። በብርሃን እየፈለግክ ሁለት ደቂቃ ካጠፋህ ከሌላው ሰው ላይ ትቀንሳለህ። እናም ትገምታለህ። 3 ብለህ ትጽፍና ታልፋለህ።

ወረቀት ክፍት ቦታ ይችላል። የድሮው ጸሐፊ የልደት ወሩን ካላወቀ ዝም ብሎ ዓመቱን ብቻ ጽፎ ያልፋል። የኮምፒውተሩ ቅጽ ግን ቀንና ወር ካልሞላህ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሻግርህም። እኛም መላ አበጀን። ቀኑ ካልታወቀ 01/01 እንሞላለን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልከለከለንም። ከወር በኋላ በመዝገቡ ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ቀን የተወለደ ሆነ። ያኔ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ያ ሰው ትክክለኛ የልደት ቀኑ ያለበት መታወቂያ ይዞ ይመጣል። ሲስተሙ ሁለቱን ያስተያይና «አይመሳሰልም» ይላል። ሰውየው በራሱ የልደት ቀን አጭበርባሪ ይመስላል።

በአንዳንድ አገር ደግሞ የልደት ቀን ስህተት ከዚያም ይብሳል። የእንግሊዝን ብንወስድ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ 16 ፊደልና አኃዝ አለው። በዋናነት የሚሠራውም ከባለቤቱ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላትና ከልደት ቀኑ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ቁጥሩም አብሮ ተሳሳተ። በቁጥሩ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የስም ነገርማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በእኛ ፊደል ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለጆሮ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር አራት ሰው ነው። ሠናይትና ሰናይት አይተዋወቁም። ፀሐይና ጸሀይ ባዳ ናቸው። ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ስሞቹን ከማነጻጸሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እንዲያመጣ ማዘዝ ይችላል። ግን አስቀድሞ ያሰበበት ሰው መኖር አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የባሰ ይበታተናል። አንዱ አንድ አናባቢ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። 03/04 ብሎ የጻፈ ሰው ለአንዱ ኤፕሪል ሦስት ማለቱ ነው፣ ለሌላው ማርች አራት።

እዚህ ላይ የአየርላንድ ፖሊስ ታሪክ ሁሌ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የፖሊስ መኮንን የትራፊክ ጥፋት መዝገቡን ሲያጣራ ፕራቮ ያዝዲ የሚባል ፖላንዳዊ ሹፌር አገኘ። በዚህ ስም ከ50 በላይ የተለያዩ መዝገቦች ተከፍተዋል። ሰውየው በየቦታው ተይዟል፣ በየጊዜው አድራሻው ይለያያል። በኋላ ሲጣራ ፕራቮ ያዝዲ በፖላንድኛ «መንጃ ፈቃድ» ማለት ሆኖ ተገኘ። የካርዱ ርዕስ ነው። ፖሊሶቹ ከላይ የተጻፈውን አይተው የሰው ስም መስሏቸው ነው ያስገቡት። ወሬው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ዓለም ሳቀበት። እኔ ሳነበው ያሰብኩት ስለ መዝጋቢዎቹ ነው። ማታ፣ መንገድ ዳር፣ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ካርድ ይዘው፣ ከላይ ያለውን ደማቅ ቃል ገለበጡ። ከ50 ጊዜ በላይ። ማንም «ይህ ስም ለምን በዛ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሲስተሙ ሁሉንም ዝም ብሎ ተቀበለ። ቅጹ ተሞልቷል፤ ለሲስተም የተሞላ ነገር ትክክል ነው።

በዚያ የኮንትራት ሥራ ላይ አንዲት ነባር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ኮምፒውተር አይነኩም። እኛ የምንሠራበት ክፍል ፋይል ሊያመጡ ሲገቡ ከኋላችን ትንሽ ቆም ብለው ያያሉ። በ12ኛው ቀን ከእኔ ኋላ ቆሙ። አንዱን ፋይል ጨርሼ ልዘጋ ስል እጃቸውን ማህደሩ ላይ አደረጉ።

«ገልብጠው» አሉኝ።

«ምኑን እትዬ?»

«ወረቀቱን። ጀርባውን አላየኸውም።»

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሌላ ሰው እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሦስት መስመር ተጽፏል። ሰውየው ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ከባድ መኪና አድጓል። ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ማህተም። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ይኼኛው ያለ መነጽር እንዳይነዳ የሚከለክል ነው። ከፊት ያለው ገጽ ላይ ከዚህ አንዱም የለም። የድሮ ጸሐፊዎች አዲስ ቅጽ ማባከን አይወዱም ነበር። ለውጥ ሲመጣ ወረቀቱን ይገለብጡና ጀርባው ላይ ይጽፋሉ። እሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ ብዙዎቹን የጻፉት ራሳቸው ናቸውና። ለእኛ ማንም አልነገረንም። መመሪያችን ላይ «የመጀመሪያውን ገጽ» ነበር የሚለው። ስካነሩም የሚያነሳው ፊቱን ብቻ ነው።

11 ቀን። በቀን 120። ስሌቱን እኔ ሠራሁት፤ 1,320 ፋይል ጀርባው ሳይታይ አልፏል። ለአለቃችን ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ አዎ አለኝ፣ ከአሁን በኋላ ጀርባውንም እዩ አለ። ያለፉትንስ ስለው «እነዚያ እኮ ሪፖርት ተደርገዋል» አለኝ። ተቆጥረዋል ማለቱ ነው። ያለቀ ቁጥር ተመልሶ ያላለቀ ሊሆን አይችልም። ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ከላይ ቁጥር ይጠየቃል። እኔም ዝም አልኩ። የኮንትራት ልጅ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ።

የአባቴ ወረቀት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ መስኮቱ ላይ ሲጋደም ሆዴ የባባው ለዚህ ነው። እሱ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ አውቆታል። ያደገበት ነገር ያለው ጀርባው ላይ ነው።

መንጃ ፈቃድ ሲጀመር ደብዳቤ ነበር። ጀርመናዊው የመኪና ፈልሳፊ ካርል ቤንዝ ራሱ በሠራው መኪና መንገድ ላይ እንዲነዳ እ.ኤ.አ. በ1888 ከባደን ግዛት ባለሥልጣናት የጽሑፍ ፈቃድ አገኘ። በእንግሊዝ ከ1904 መጀመሪያ አንስቶ ማንኛውም አሽከርካሪ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደነገገ። ፈተና ግን አልነበረውም። ፈተና ግዴታ የሆነው ከ31 ዓመት በኋላ በ1935 ነው። ወረቀቱን የሚሰጡት የየአካባቢው አስተዳደሮች ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ፣ የራሱ ልማድ አለው። እነዚህን ሁሉ አሰባስቦ ዌልስ ውስጥ ስዋንዚ በሚባል ከተማ ወደ አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ያመጣቸው የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ማለትም «ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር» የሚባለው ነገር ከ50 ዓመት በላይ ሲያስቸግር የኖረ ነው።

ጀርመኖች ይህን የያዙበት መንገድ ደስ ይለኛል። በአውሮፓ ሕግ መሠረት የድሮዎቹ ፈቃዶች በሙሉ እስከ ጃንዋሪ 19 ቀን 2033 በአዲሱ ካርድ መተካት አለባቸው። በጀርመን ብቻ 43 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በተለምዶ ጨርቅ የሚሏቸው ግራጫና ሮዝ ወረቀቶች አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጠሩም። ወረቀቶቹን በባለቤቱ የልደት ዓመት ከፋፈሉ። ከ1953 እስከ 1958 የተወለዱት መጀመሪያ፣ ሌሎቹ በየተራ። ከ1953 በፊት የተወለዱ አዛውንቶች እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው። ወረቀቱ ጊዜው ቢያልፍ እንኳ የመንዳት መብቱ አብሮ አይሞትም። ያለፈበት ሰነዱ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የካርድ ግልባጭ የሚሉት ነገር ነው። ጀርመን ማዕከላዊ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠ ፈቃድ በአብዛኛው የተመዘገበው ሰጪው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ባለ ካርድ ላይ ነው። ሰውየው ዛሬ ሌላ ከተማ ከኖረ አዲሱ ቢሮ «ሲስተሙ ላይ የሉም» ብሎ አይሸኘውም። የድሮው ቢሮ መሳቢያውን ከፍቶ፣ ካርዱን አውጥቶ፣ ያለውን ሁሉ ገልብጦ እንዲልክ ይጠየቃል። ወረቀቱ ለኮምፒውተሩ ይመሰክራል። አንዳንድ ቦታ ግልባጩን የሚጠይቀው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ቢሮው። ዋናው ነገር መንገድ መኖሩ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው የሚሄድበት በር አለ።

ሕንድም ብዙ ትመሳሰላለች። ፈቃዱ ለዓመታት በእጅ የሚጻፍ ትንሽ ደብተር ነበር፣ በየአካባቢው የትራንስፖርት ቢሮ የሚሰጥ። ሳራቲ የሚባለው ብሔራዊ ሲስተም ሲመጣ እነዚያ ደብተሮች ውጭ ቀሩ። ስለዚህ ውዝፍ መዝገብ የማስገቢያ መንገድ ተከፈተላቸው። ባለ ደብተሩ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ቢሮው ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ባዘጋጀው የሰነድ መያዣ መተግበሪያ ስልክ ላይ ያለ ፈቃድ ከወረቀቱ እኩል ተቀባይነት እንዲኖረው ታዘዘ። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ትክክል ይመስለኛል። ውዝፉ ሳይገባ ስልኩን ብቻ ማየት የጀመረ አገር የድሮ ሹፌሮቹን ያጣል።

ኦንላይን መሆኑን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እፈልገዋለሁ፣ ከልቤ። ወረቀት ያልፋል፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ እሳት ይጨርሰዋል። ያ መዝገብ ቤት ውስጥ ከታች ያሉት መደርደሪያዎች ላይ ውሃ ገብቶ ገጾቹ እንደ ጡብ ተጣብቀው አይቻለሁ። ሲላቀቁ ጽሑፉ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ተላልፎ የሁለት ሰው ስም ተደራርቦ ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሰው ሕይወት አለ። በወረቀት ዘመን ጠጥቶ ነድቶ ሰው የገደለና ፈቃዱ የታገደ ሹፌር ሁለተኛ ቅጂ ካለው ኪሱ ውስጥ ይዞ ይቀጥላል። መንገድ ላይ ያስቆመው ትራፊክ ወረቀቱን አይቶ ያልፈዋል። ወረቀቱ ስለ እገዳው አያውቅማ። ኦንላይን ሲሆን ግን ጠዋት የታገደ ሰው ከሰዓት በኋላ በየትኛውም መንገድ ላይ የታገደ ነው። በሐሰት የተሠራ ካርድም እንደዚያው ነው፤ ካርዱ የቱን ያህል ቢያምር ከጀርባው መዝገብ ከሌለ ይያዛል።

ግን እስኪ ይህንኑ ነገር ገልብጣችሁ እዩት። ከጀርባው መዝገብ የሌለው ካርድ ሐሰተኛ ነው ከተባለ፣ አባቴ ሐሰተኛ ነው። ሲስተሙ የሚያጭበረብረውንና የተረሳውን በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። ሁለቱንም «አልተገኘም» ይላቸዋል። ይህን ቃል የሚያነበው ሰው «የለም» ብሎ ከተረጎመው አለቀ።

እንግሊዞች ከመንጃ ፈቃድ ወጣ ባለ ጉዳይ ይህን በደንብ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ እንግሊዝ የገቡ ሰዎች መርከብ ላይ ሲደርሱ የሞሏቸው የመግቢያ ካርዶች ነበሩ። በ2010 እነዚያ ካርዶች እንዲወገዱ ተደረገ። ቦታ የያዙ አሮጌ ወረቀቶች ናቸው ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያው ሰዎች፣ ሠርተው ግብር ከፍለው ያረጁ ሰዎች፣ መቼ እንደገቡ አስረዱ ተባሉ። ማስረጃ የሚሆነው ወረቀት የውሃ ሽታ ሆኗል። ሥራ ያጡ፣ ሕክምና የተከለከሉ፣ ተይዘው ከአገር የተባረሩም ነበሩ። ጉዳዩ በ2018 ሲፈነዳ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። ካርዶቹ ግን አይመለሱም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የተጻፈውን ሰው ካላቃጠለው ነው።

በአንድ ቦታ የተሰበሰበ መዝገብ ሌላም አደጋ አለው፣ ሳላነሳው ማለፍ አልፈልግም። የአሜሪካዋ ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ2018 መንጃ ፈቃድን ስልክ ላይ በማድረግ ከቀደሙት ግዛቶች አንዷ ናት። በ2023 ደግሞ ፋይል ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ላይ በደረሰ ጥቃት ምክንያት የግዛቷ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ መረጃው ሳይወጣበት እንዳልቀረ ባለሥልጣናቱ አስታወቁ። ሁሉም ሰው፣ በአንድ ጊዜ። የወረቀት መዝገብ ቤት ቢዘረፍ ሌባው ስንት ካርቶን ይሸከማል?

አባቴ ከዚያ መስኮት ከተመለሰ በኋላ አምስት ሳምንት አልነዳም። አልነዳም ስል ከልቡ ነው፤ ከበር እስከ ጥግ እንኳ። «ፈቃድ የለህም ተብያለሁ፣ የለኝም» አለ። ጠዋት ጠዋት ግን ይወጣና መኪናዋን በጨርቅ ይወለውላታል። መስታወቱን፣ ፋናውን፣ የጎማውን ክዳን። ከዚያ ገብቶ ይቀመጣል። እህቴ በመስኮት አይታው አለቀሰች።

ሂድ ና ሆነ። መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ ፈቃዱን ወደ ሰጠው ቢሮ ላከን። እነሱ ፋይሉ ወደ ማዕከል ሄዷል አሉን። ማዕከሉ ደግሞ «ከቢሮው ደብዳቤ አምጡ» አለ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ሠራተኛ ሲስተሙን በቁጥር መፈለግ ትቶ በአባቴ አባት ስም ብቻ ፈለገ። ሁለት ገጽ ስም ወጣ። አንድ በአንድ ወረደው። አባቴን አገኘነው።

የመጀመሪያው የስሙ ፊደል በሞክሼው ተጽፏል። ልደቱ 01/01 ነው። ከመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ውስጥ አንድ 8 ቁጥር 3 ሆኗል። ፈቃዱ ደግሞ ለትንሽ መኪና ብቻ ነው ይላል። ከባድ መኪናው የለም። ስካን የተደረገው ምስል ተያይዟል፤ ፊቱ ብቻ።

ሁሉንም አውቃቸው ነበር። እያንዳንዷን ስህተት በስም አውቃታለሁ፣ ሠርቻታለሁና። ያንን መዝገብ ያስገባው እኔ አይደለሁም፤ ቢሮው ሌላ ነው። ግን 1,320 ሰዎች አሉኝ። ከመካከላቸው ስንቶቹ ጀርባቸው ላይ የተጻፈ ነገር እንዳላቸው አላውቅም። አንዱ ምናልባት መኪናውን እየወለወለ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሳገኝ የምጠይቃቸው ነገር አለ። ወረቀቱን በሁለቱም ፊት አንሱት፣ ምስሉንም ከመዝገቡ ጋር አያይዙት፤ ጥርጣሬ ሲነሳ ዋናው ጽሑፍ በአንድ ክሊክ ይታይ። ዋና ዋናዎቹን፣ ስምን፣ ቁጥርን፣ ልደትን፣ የፈቃድ ምድብን፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያስገቡት። የሁለቱ ካልገጠመ ኮምፒውተሩ ያቁመውና ሦስተኛ ሰው ይየው። ይህ ድሮም በፓንች ካርድ ዘመን፣ መረጃ ካርድ እየተበሳ በሚመዘገብበት ጊዜ፣ የሚሠራበት ዘዴ ነው። የማይነበብ ነገር ሲያጋጥም «አይነበብም» ብሎ መሙላት ይፈቀድ፤ ሰው እንዲገምት አይገደድ። ኢንኮደሩን በፋይል ብዛት ብቻ አትመዝኑት። የድሮ ጸሐፊዎቹን ደግሞ ጡረታ ሳይወጡ አስቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ምኑ የት እንደሚጻፍ፣ የትኛው ማህተም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግማሹ ፋይል ዲዳ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ለባለቤቱ ይታይ። ስለ ራሱ ምን እንደተጻፈ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አባቴ ያንን ገጽ ቢያይ በሁለት ደቂቃ አራቱንም ስህተት ይነግራቸው ነበር። ማንም አላሳየውም። እውነተኛ ወረቀት ይዞ የመጣና ሲስተሙ ላይ የጠፋ ሰው ደግሞ እስኪጣራ ድረስ የሚነዳበት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠው። መዝገቡን ያዛወረው መሥሪያ ቤቱ ነው። ሲያዛውር የጣለውን የመፈለግ ሸክም ለምን አንድ አዛውንት ይሸከመዋል?

እርማቱ አንድ ሳምንት ፈጀ። አባቴ አዲሱን ካርድ ሲቀበል ሠራተኛዋ የድሮውን ወረቀት ልትወስድበት እጇን ዘረጋች። «ልጄ፣ እሱን ተይልኝ» አላት። ትንሽ አሰበችና በወረቀት መብሻ ጥጉን በስታ፣ ተሰርዟል የሚል ማህተም አድርጋ መለሰችለት። አመስግናታለሁ። ሕጉ ያዛት ይሁን ልቧ አልጠየቅኳትም።

የዚያን ቀን ማታ መዝገቡን ስልኩ ላይ ከፈትኩለት። መነጽሩን አደረገ። የድሮውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ስልኩን በሌላው እጁ ያዘ።

«ጀርባው የት ነው?» አለኝ።

ወደ ታች በጣቴ ገፋሁለት። የፈቃድ ምድቦቹ መጡ። ወረቀቱን ገለበጠና በጣቱ መስመር በመስመር ማስተያየት ጀመረ። ትንሽ መኪና፣ አለ። ከባድ መኪና፣ አለ። ቀኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እንደገና ስልኩን።

ወደ ከባድ ያደገበት ዓመት በሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። በማግስቱ ጠዋት እየነዳ ወሰደኝ፣ ወረፋውም ገና አልበዛም ነበር።